ባዶ ጀሪካን ይዤ የወጣሁበት ሰልፍ

ጎንደር ውስጥ ሰልፍ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሚስት የለውም። እኔ የዚሁ ከተማ ሰው ነኝ፤ ሚስትም አለችኝ። ስለዚህ ሰልፍ ሳይ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይቆማል። መጀመሪያ ቦታ መያዝ ነው፤ "የምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ነገር ነው። እናንተ ስትጠይቁ ሌላው ቀድሟችሁ ይቆማል። በዚህ ዘዴ ስኳር አግኝቻለሁ። ሲሚንቶም አግኝቻለሁ፤ የምሠራው ቤት ስለሌለኝ እስካሁን አልጋ ሥር ነው፣ ድንጋይ ሆኗል። አንድ ጊዜማ ረጅም ሰልፍ ይዤ፣ ፀሐይ ሲመታኝ ቆይቼ፣ ተራዬ ሲደርስ ለካስ ለቅሶ ቤት ኖሯል። ምን ይደረጋል? የሟቹን ወንድም ጨብጬ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩና ንፍሮዬን ቆርጥሜ ወጣሁ። ሟቹ ማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም፤ ቤተሰቡ ግን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስሞ አይጠግበኝም።

ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋችንም ነው። ዘይት ለመግዛት የምንቆመው ሰልፍ ነው። መፈክር ተይዞ የሚወጣውም ሰልፍ ነው። ወታደሩም ይሰለፋል፣ ተማሪውም ጠዋት ጠዋት ይሰለፋል። እርግጥ "ወረፋ" የሚባል ቃል አለን፤ ግን አንድ ሰው ግድግዳ ጥግ ቆመው የሚጠባበቁ ሰዎች አይቶ "ሰልፍ ነው?" ቢል ማን ይፈርድበታል? እስቲ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባለቤቴ የሺ ከጎረቤት አንድ ወሬ ይዛ መጣች። "ማራኪ በኩል ዘይት መጥቷል። በበርሜል ነው አሉ፤ በየጀሪካኑ እየቀዱ ነው። ተነሥ!" አለችኝ። ገና ጫማዬን ሳላስር ቢጫውን ጀሪካን እጄ ላይ አንጠለጠለችው። "ባዶውን ይዘህ ብትመጣ ምሳ የለም" ብላ በሩን ዘጋችው። የሺ ስትቀልድና ስትምር መለየት እስካሁን አልቻልኩም፤ ለጥንቃቄ ሁሉንም ምር አድርጌ ነው የምወስደው።

ማራኪ ስደርስ ሰዎች በአንድ አጥር ጥላ ሥር ተሰልፈው አየሁ። ጥቂት ናቸው። ሰልፉ ማጠሩ ደስ አለኝ፤ ወሬው ገና አልተዳረሰም ማለት ነው። ሁሉም ወጣቶች ናቸው፣ የተማሪ መልክ አላቸው። እናቶቻቸው የላኳቸው ናቸው ብዬ ባረክኋቸው። ከኋላ የቆመውን ባለመነጽር ልጅ፣ ሰልፍ መሆኑን ጠየቅሁት።

"አዎ ጋሼ፣ ሰልፍ ነው። ይቀላቀሉን!" አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰልፍ ላይ "ይቀላቀሉን" ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ የማውቀው "ሂድ ወደ ኋላ!" የሚለውን ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ግን ሰው ሲያከብረው የሚጠራጠር ማን አለ?

"ዛሬ ይደርሰናል ትላለህ?" አልኩት፣ ጀሪካኔን እያስተካከልኩ።

ልጁ መነጽሩን አወለቀና ወደ ሩቅ ተመለከተ። "ለእኛ ባይደርሰን እንኳ ለልጆቻችን መድረሱ አይቀርም ጋሼ" አለኝ።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ዘይቱ ይህን ያህል ጠፍቷል እንዴ? ደነገጥኩ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ "ለመሆኑ ባለ አምስቱ ነው ያለው?" ብዬ ጠየቅሁት፣ አምስት ሊትሩን ማለቴ ነው።

"የለም፣ ባለ ሁለቱ ነው" ብሎ በሁለት እንጨት ላይ የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አሳየኝና አንደኛውን እንጨት እጄ ላይ አኖረው። "እስቲ ይችን ይያዙልኝ።"

ሰልፍ ላይ "ያዝልኝ" የሚባለው ቃል ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ቦታውን አደራ ብሎ ይሄዳል፤ ድንጋይ አስቀምጦ የሚሄድ አለ፣ ነጠላ ጫማውን አስቀምጦ በባዶ እግሩ የሚሄድም አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእንጨት ቦታ ቢይዝ ምን ይገርማል? እንጨቱን ጨብጬ ቆምኩ።

ትንሽ ሳይቆይ የሰፈራችን ሰው እትዬ ጥሩነሽ ከኋላዬ መጣች። እትዬ ጥሩነሽን የማያውቅ ሰልፈኛ የለም። ሰልፍ ውስጥ ጣልቃ የሚገባን ሰው በዓይኗ ብቻ አውጥታ ትወረውረዋለች። ሁለት ጀሪካን ይዛለች። "የምንድን ነው?" አለችኝ። አሁን እንግዲህ "አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። ግን እትዬ ጥሩነሽ ፊት አላውቅም ብሎ መቆም ያሳፍራል። "የዘይት ነው" አልኩ ኮራ ብዬ፣ ከፋብሪካው በስልክ የነገሩኝ ይመስል። እሷም ስልኳን አውጥታ ለምራቷ ደወለች። ምራቷም ለእህቷ።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይነገራል። ቢጫ ጀሪካን ጎንደር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ከእትዬ ጥሩነሽ ኋላ የመጣችው ሴት ጀሪካን ስታይ ውሃ መሰላት፤ የቧንቧ ውሃቸው ከመጣ ስለቆየ ሮጣ ሄዳ የቤቷን ዕቃ ሁሉ ይዛ ተመለሰች። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ "ቤንዚን ነው አይደል?" ብሎ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ከነላስቲክ ዕቃው ተሰለፈ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሁሉም የጎደለውን ይዞ ነው የቆመው፤ እኔ ለሁሉም ራስ ሆኜ እንጨት ይዣለሁ።

ከዚያ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ወገኖቼ፣ በዘይት ታሪክ እንዲህ ያለ ፍጥነት አልታየም። ዝም ብሎ መሄድ ነው! ፊት ያሉት ልጆች ጨርቁን ዘረጉትና እኔ ባለ አንዱ እንጨት፣ ያ ባለመነጽር ልጅ ባለ ሌላው እንጨት ሆነን መሀል መንገድ ወጣን። ትራፊክ ፖሊስ መኪና አስቁሞ አሳለፈን። "ለዘይት ትራፊክ! ይህች አገርማ አለፈላት" አልኩ በልቤ። ጨርቁ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ግን ፊቱ ወደ ፊት ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የተገለበጠ ፊደል ነው፣ መነጽሬም ቤት ቀርቷል። የሸማቾችን ሱቅ ዝግ ሆኖ ሳንቆም አለፍነው። "ምነው አለፍነው?" አለች እትዬ ጥሩነሽ። "ከመጋዘን ነው የሚቀዳው" አልኳት። "ከመጋዘን ከሆነስ ሳይቀሸብ ነው" ብላ ፈጠነች።

ፊት ያለችው ቀጭን ልጅ በድምፅ ማጉያ "ይመለስ!" ስትል ልጆቹ "ይመለስ! ይመለስ!" ይላሉ። ምኑ ነው የሚመለሰው? ለእኔና ለእትዬ ጥሩነሽ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ዘይታችንን ወደ ሌላ ከተማ ጭነውታል። ደማችን ፈላ። እትዬ ጥሩነሽ አንዱን ጀሪካን በሌላው እየደለቀች "ይመለስ!" ስትል መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች መስኮት ተከፈተ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጀሪካኑን ይደልቅ ጀመር። የጎንደር ሰው ምት ከሰማ ደግሞ ትከሻው አያርፍም፤ ባለቤንዚኑ ሾፌር ዕቃውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ እስክስታ ወረደ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ እየሳቅን ፒያሳ ደረስን።

ፒያሳ ላይ ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት።

"የት ነህ?"

"ሰልፍ ላይ ነኝ።"

"የምን ሰልፍ?"

"የዘይት ነዋ! አንቺው አይደለሽ የላክሽኝ?"

"ዘይቱማ ለካ ማራኪ ሳይሆን እታች ሰፈር ነው የመጣው፣ እሱም አልቋል። እህቴ አሁን ከፒያሳ ደውላ 'ባልሽ ባነር ተሸክሞ ስለ ዝናብ እየጮኸ ነው' አለችኝ። ምነው? ዝናብ ምን አደረገህ?"

ስልኩን ዘግቼ አንገቴን በጨርቁ ጠርዝ አሻግሬ አሰገግሁ። በትልልቅ ፊደል "ዝናባችን ይመለስ! የአየር ንብረት ለውጥ ደጋችንን እያደረቀው ነው!" ይላል። የአየር ንብረት ለውጥን ሬዲዮ ላይ እሰማዋለሁ፤ ከዜናው በኋላ፣ ከስፖርቱ በፊት የሚመጣ ነገር ነው፣ እኔ ያን ጊዜ እጄን ልታጠብ እነሣለሁ። አሁን ግን እሱ ራሱ እጄ ላይ ነው።

ያ ባለመነጽር ልጅ፣ ስሙ ሄኖክ ነው፣ ይህን ጊዜ ጠብቆ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋ። "ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው፣ ሳይኮሎጂ ነው የማጠናው። ሰው ለአየር ንብረት ሰልፍ ለምን እንደሚወጣ ነው የምጠይቀው። እርስዎን ያነሳሳዎት ቁጣ ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ወይስ ተስፋ?"

"ሚስቴ ናት" አልኩት።

"ማኅበራዊ ተጽዕኖ!" ብሎ ዓይኑ በራ። "ባይወጡስ ኖሮ ምን ይሰማዎት ነበር?"

"ባዶ ጀሪካን ይዤ ብገባ ምሳ የለም።"

"ፍርሃትም አለ ማለት ነው!"

"ባይሆን በመጨረሻ ይሞላልኛል ብዬ ነበር።"

"ተስፋ!" ብሎ ሊያቅፈኝ ትንሽ ቀረው። ያሰበውን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አገኘ። እኔ የሳይንስ ሀብት መሆኔን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር። ወዲያው ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሮ "እርስዎንስ እናቴ፣ ምን አነሳሳዎት?" አላት።

"ማን አስቀምጦኝ ያውቃል ልጄ፣ ደግሞ የሚያነሳሳኝ!" አለችው።

እኔ ግን ልቤ ወደ መሸሹ ነበር። ፊት ለፊት አንድ ኬክ ቤት አለ። እንጨቱን ለአንድ ሰው አቀብዬ፣ በኬክ ቤቱ ገብቼ፣ በጓሮው በኩል ወጥቼ፣ ታክሲ ይዤ ቤቴ። እንዲህ አስቤ የሚቀበለኝ ሰው ስፈልግ ያች ቀጭን ልጅ ድምፅ ማጉያውን ለጓደኛዋ ሰጥታ ወደ እኔ መጣች። ማስተዋል ትባላለች። ድምፅዋ ሰልሏል፣ ዓይኗ ግን ይስቃል።

"ጋሼ፣ የጀሪካኑ ሐሳብ የእርስዎ ነው አሉኝ። እንዴት አሰቡት? እኛ ስንት ሳምንት ተሰብስበን እንዲህ ያለ ነገር አልመጣልንም። ባዶ ጀሪካን! ከመፈክራችን ሁሉ ይበልጣል። እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

አሁን ምን ይባላል? "ኧረ ምንም አይደል" አልኩ። እናንተም ብትሆኑ ትሉ ነበር።

"ጠዋት እኮ አልቅሼ ነበር" አለችኝ። "እኔና ጓደኞቼ ብቻ ነበርን። አባየ ደግሞ ጃንተከል ዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው።"

አባቷ አያ ጥጋቡ ይባላሉ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከቤታቸው በታች አንዲት ምንጭ አለች። ዝናቡ ጊዜውን መጠበቅ ከተወ ወዲህ ምንጯ እየቀጠነች መጣች፤ ማስተዋል በክረምት ዕረፍቷ ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ሆና ዙሪያዋን ወይራና ጽድ ተከለችባት። ተከላ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ካልሆነ ፍየል በአንድ ውሎ ትጨርሰዋለች። የጠበቁት አያ ጥጋቡ ናቸው። ዝናቡ ሲዘገይ ከችግኙ ገሚሱ ጠወለገ፣ መንደርተኛውም "የችግኝ ዘበኛ" እያለ ሳቀባቸው። እሳቸውም ሰለቻቸው። ፀዳ በምትባለው ከተማ የሚኖር ዘመዳቸው እየተሠራ ካለ ሕንፃ ላይ የጥበቃ ሥራ አግኝቶላቸዋል። በሬዎቹን ሽጠው ሊወርዱ ቆርጠዋል።

"ብቻህን አይደለህም አልኩት" አለች ማስተዋል። "ጎንደር ሁሉ ስለ ዝናቡ ይወጣል፣ መጥተህ እይ አልኩት። ዛሬ ወደ ዘመዱ ሲሄድ እግረ መንገዱን ሊያየን ነው የመጣው። ካላመነኝ ከዚያው ወደ ፀዳ ነው የሚሄደው። እሱ ከሄደ ደግሞ ተከላው አለቀ ጋሼ። እኔ ትምህርት ላይ ነኝ።"

ይህን ብላኝ ወደ ፊት ሮጠች። እኔ እንጨቴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ኬክ ቤቱን አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልጅቷ አሳዘነችኝ፤ አንጀቴን በላችው። ግን ገና አስቤ ሳልጨርስ እትዬ ጥሩነሽ እጄን ያዘችኝ። ለካ ምራቷ ደውላላት ኖሯል።

"አንተ ሰውዬ!" አለችኝ። "ዘይት አልቋል አይደል? እግሬን ከማራኪ እዚህ ድረስ ያስቀጠቀጥከው ለምንድን ነው? ይህን ሁሉ ሰው ይዤ አሁን ልሂድልህ?"

እሷ ከሄደች ሁሉም ይሄዳል። እኔ አንድ ቃል ሳልጨምር ማስተዋል የነገረችኝን ነገርኳት፤ ምንጯን፣ ችግኙን፣ ፀዳን፣ ዋርካው ሥር የተቀመጡትን ሰውዬ። እትዬ ጥሩነሽ ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ግን አልፈታም።

"ልጅቷ አባቷን ጠርታ ነው ድምፅዋ እንዲህ የሰለለው?"

"አዎ።"

"አባትየው ብቻዋን ቆማ ሊያያት?"

"እኛ ከሄድን አዎ።"

ዞር አለችና ከኋላ መበተን ለጀመረው ሕዝብ፣ የዘይት ሰልፍ ላይ የቀደማት ሰው ስታይ በምትጮኸው ድምፅ "ማንም ቦታውን እንዳይለቅ!" አለች። "የለቀቀ ተመልሶ አይገባም!"

ሕዝቡ ቀጥ አለ። እስቲ ይህን ሳይኮሎጂ ያስረዳችሁ። ዘይት እንደሌለ የሰማ ሁሉ ቦታውን ላለመልቀቅ ቆመ። ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ እውነቱን ለኋለኛዋ ነገረች፣ ኋለኛዋ ለኋለኛው። ወሬ ሰልፍ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እኔ ሰልፉን ተከትዬ ወደ ኋላ ጆሮዬን ስጥል "ዘይት የለም፣ የዝናብ ነው" የተባለው ነገር ባለቤንዚኑ ጋ ሲደርስ "ዝናብ ሊያድሉ ነው" ሆኗል። "ዝናብ ከሆነማ እንቆያለን" ሲል ሰማሁት። በመጨረሻ ሁሉም ነገሩን አወቀው። የሄዱ ነበሩ፣ አልዋሽም። የቀሩት ግን ይበዙ ነበር። አንዷ ጫማዋ ስለቆረጠማት ብቻዋን መመለስ ፈርታ ነው የቀረችው፤ አንዱ እስክስታው ስላላለቀለት ነው። እኔም በኬክ ቤቱ በር ሳልፍ ወደ ውስጥ አላየሁም፤ ማለት፣ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት።

ጃንተከል ስንደርስ አያ ጥጋቡ ከዋርካው ሥር ከድንጋይ ላይ ተነሡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን በደረታቸው አዙረው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ማስተዋል ሮጣ ጉልበታቸውን ስማ ተነሣችና ንግግር ልታደርግ ድምፅ ማጉያውን ብታነሣ ድምፅዋ ፈጽሞ ተዘጋ። አያ ጥጋቡም ልጃቸውን አልፈው ወደ እኛ መጡ።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ። አንዱን ጀሪካን አንሥተው ነቀነቁት፣ ባዶ ነው። ሌላውንም ነቀነቁ። "እናንተም ደረቀባችሁ?" አሉ። "ወይ ጉድ! እኔ እኮ የከተማ ሰው ውሃው ከግድግዳ ነው የሚወጣለት ብየ ነበር። እኛ ወደናንተ ልንወርድ ስንል እናንተ ወደኛ ልትወጡ!"

ማስተዋል ፊቷ በራ። እኔም ሊሳካልን ነው አልኩ። ግን ሰውዬው እያንዳንዱን እያነሡ መጥተው የእኔን ጀሪካን ብድግ አደረጉና አፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ይሄስ ዘይት ዘይት ይላል" አሉ።

ማስተዋል አየችኝ። ሄኖክ አየኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ በዚህ በኩል ተሰጥኦ የለኝም አልልም። ግን እኒያ ሰው እንዲህ ቀርበው ሲያዩኝ ምላሴ እምቢ አለኝ።

"አያ፣ እውነቱን ልንገርዎ" አልኳቸው። "የዘይት ሰልፍ መስሎኝ ነው የገባሁት።"

"እኔም እሱን አምኜ ነው" አለች እትዬ ጥሩነሽ።

"እኔ ቤንዚን መስሎኝ" አለ ሾፌሩ።

"ውሃ መስሎኝ!" አለች አንዷ ከኋላ። ከዚያ ንስሐ የሚገባው በዛ። ማስተዋል አንገቷን ደፋች፤ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ታሻሸዋለች። እንዲህ ከማያት ዘይት የሚባል ነገር ከዓለም ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር።

አያ ጥጋቡ ጀሪካኔን ቀስ ብለው አስቀመጡት። "ደግ" አሉ። "ዘይት አለመኖሩን ያወቃችሁ የት ላይ ነው?"

"ፒያሳ" አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

"ታዲያ ምነው አልሄዳችሁ?"

ሄኖክ ስልኩን ማቅረብ እንኳ ረስቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ ብዙ መልስ መጣልኝ፤ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ መጪው ትውልድ፣ ከጨርቁ ላይ ያነበብኩት ሁሉ። አንዱንም ሳልናገር እትዬ ጥሩነሽ ቀደመችኝ።

"ልጅህ ድምፅዋ እንዲህ እስኪሰልል ስትጮህ ብቻዋን ትተናት እንሂድ አያ?" አለች። "አባቷ እያየ?"

ሰውዬው ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ዋርካው ቀና አሉ። ያን ጊዜ ከጋቢያቸው ሥር ስልክ ጮኸ። አውጥተው ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ያ የፀዳው ዘመዳቸው ነው፤ ሥራው ዛሬ እንደሚጀምር የሚናገረው ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል። አያ ጥጋቡ ስልክ ሲያናግሩ ማዶ ተራራ ላይ ያለን ሰው እንደሚጠሩ ነው።

"አዎ፣ ጎንደር ነኝ! የለም፣ አልመጣም! ሌላ ዘበኛ ፈልጉ! እኔ የምጠብቀው ምንጭ አለኝ!" ትንሽ አዳመጡና ደግሞ ጮኹ። "ምንጭ! ምንጭ ነው ያልሁህ! አዎ፣ ደመወዝ የለውም!"

ስልኩን ዘግተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሰዉ ሲስቅ ሾፌሩ ዕቃውን መደለቅ ጀመረ፣ እትዬ ጥሩነሽ እልል አለች። ማስተዋል አባቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ጀርባዋን እየመቱ "በይ በይ፣ ሸጋ ሰዎች ናቸው፣ ሰው ፊት አይለቀስም" ይሏታል። ዞር ብለው "የአምባ ጊዮርጊስ መኪና ከየት ነው የሚነሣ?" ሲሉ ሁሉም ባንድ ላይ የተለያየ መንገድ አሳያቸው። ስላልተስማማን እስከ መናኸሪያው አብረናቸው ሄድን።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ አያ ጥጋቡ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው "ክረምት ስትመጭ አካፋ የሚይዝ ሰው ይዘሽ ነይ ልጀ!" አሏት። ማስተዋል ድምፅ ስላልነበራት እጇን ብቻ አወዛወዘች። መኪናው ዳገቱን ይዞ ከዓይን ጠፋ። እሷ ግን መንገዱ ላይ እስካለው ኮሶዬ ድረስ የምታየው ይመስል ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኛም ከኋላዋ ተሰለፍን።